የሊቀመንበሩ ንግግር በኮዱ መዝገብ ውስጥ

የለንደኗ ቶተንሃም ሕዝብ ሆይ፣ አደግድገህ አድምጥ! የእድራችን ሊቀመንበር፣ የጡረተኛ አውቶቡስ ነጂዎች ሁሉ አለኝታ፣ ጋሽ ኪዳኔ፣ የአርባ ሁለት ደቂቃ ንግግራቸው ከነጭብጨባው ለዘላለም ተጠብቆ እንዲኖር ወስነዋል። የት? በእድሩ አፕ ኮድ ውስጥ!

ጥሩብርሃን ይህን ጉድ ያየችው ቅዳሜ፣ የእድሩ ስብሰባ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው። ብሪክስተን ተወልዳ ያደገች ፕሮግራም ጸሐፊ ናት። አባል ሐዘን ሲደርስበት ለሁሉም ስልክ ባንዴ ጥሪ የሚያደርስ አፕ በነጻ ሠርታለች። ባለፈው ክረምት የእትዬ ወርቅዬ እናት ሲያርፉ ወሬው ካፍ ወዳፍ ሲንከባለል መንገድ ቀርቶ፣ ሴትየዋ ለብቻቸው ቀብረዋል። ዛሬ አፑ በአባላት ፊት ይሞከራል፤ ካልሠራ ወደዚያው የአፍ ቅብብሎሽ ነው።

የመጨረሻውን እርማት ከእድሩ ላፕቶፕ አፑ ወደሚሠራበት ሰርቨር ላከች። ተመለሰባት! «ፋይሉ ከልክ በላይ ነው» አለ ስክሪኑ።

«ጋሼ! ይሄን የንግግር ቪዲዮ እርስዎ ነዎት ያስገቡት?»

«መዝገብ ነው፣ የገባበት አይጠፋም ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽ? የእድር ታሪክ ታዲያ የት ይቀመጥ፣ ኪሴ ውስጥ?»

«የኮድ መዝገብ ነው እኮ! የትኛው መስመር እንደተለወጠ የምናይበት። ቪዲዮ ምን መስመር አለው?»

ቪዲዮውን አጥፍታ ላከች። አሁንም ተመለሰ! መዝገቡ ከአማት የባሰ ቂመኛ ነው፤ ዛሬ ቢያጠፉለት የትናንቱን ቅጂ ታቅፎ ይቀመጣል።

«ከታሪኩም ልፍቀው ነው፣ ጋሼ።»

«ንግግሬን?! እኔ ቆሜ?»

ይሄኔ እትዬ ወርቅዬ በጥቁር ልብሳቸው ገብተው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ኪዳኔ አዩዋቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ፋቂው» አሉ።

ጣቶቿ በረሩ! ቪዲዮውን ከኮዱ ውጭ፣ ኢንተርኔት ላይ ለትልልቅ ፋይሎች በተከራዩት ቦታ አኖረች፤ በኮዱ ውስጥ አድራሻውን ብቻ ባንዲት መስመር ተወች። ቪዲዮውን የያዘውን ያልተላከ ምዝገባ ሽራ፣ ያለ ቪዲዮው እንደ አዲስ አስመዘገበች። ላከች። ሄደ!

የሙከራውን ጥሪ ስትለቅ ስልሳ ስልክ ባንድ ጊዜ አዳራሹን አናወጠው። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ለለቅሶ ጥሪ እልል የሚል ሕዝብ! እትዬ ወርቅዬ የስልካቸውን መስታወት በመዳፋቸው አበስ አደረጉና፣ «እንግዲህ ብቻውን የሚቀብር የለም» አሉ።

ጥሩብርሃን የሰዉን እጅ ልትጨብጥ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ላፕቶፑ ያለ ጠባቂ ቀረ። ጋሽ ኪዳኔ ከደረት ኪሳቸው ፍላሽ መዘዙ፤ ከሠርጋቸው ጀምሮ ያለ ፎቶ በሙሉ አለበት። ወደ ላፕቶፑም ጠጋ አሉ። አንባቢ ሆይ፣ በዚያ ሰፈር የሚያልፉ ከሆነ፣ እባክዎ ሮጥ ብለው ያቺን ፍላሽ ከእጃቸው…