መሃሉን ታሰላልኝ የነበረችው ሂቦ

ውሸት ነው አልኩ። ጠዋት ልጄ አልማዝ ስልኳን ይዛ ገብታ ሂቦ ሞተች ስትለኝ፣ «የትኛዋን ሂቦ ነው የምትይው? ጅግጅጋ ውስጥ ስንት ሂቦ አለ!» ብዬ ጮህኩባት።

የእኛዋ ናት። ትናንት ካራማራ ተራራ ላይ መኪናቸው ተገልብጦ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አፉ የእኔ፣ የሚጽፈው ጣት የአልማዝ ነው። አታሳምሪው ብያታለሁ።

ሂቦ ሐኪም አልነበረችም፤ የስታቲስቲክስ ሰው ነበረች። ቲቢ ይዞኝ መድኃኒት ስጀምር ለጥናቷ አክታዬን ትወስድ ነበር። «የሂሳብ ሰው ደረቴ ውስጥ ምን ትቆጥራለች?» አልኳት።

«ባክቴሪያውን ነዋ፣ አዴር!» አለች። አዴር ነበር የምትለኝ፤ አጎቴ ማለቷ ነው። «አይሻ ጣቢያ ሐዲድ ሲጠግኑ፣ ባቡሩን ሳያዩት የት እንደደረሰ በምን ያውቁ ነበር?»

«ከጣቢያው መቼ እንደተነሳ ከነገሩኝ ይበቃኛል። ፍጥነቱን አውቃለሁ፣ ዳገቱን አውቃለሁ።»

«የእኔም ሞዴል እንደዚያው ነው። አክታ የሚሰጡበት ቀን ጣቢያው ነው። በሁለት ጣቢያ መሃል ሳንባዎ ውስጥ የሆነውን ማንም አላየም። መሃሉን ለእኔ ይተዉት!»

ይቺ ቃል ከአፏ አትጠፋም ነበር።

ሳሉ ሲለቀኝ መድኃኒቱን ጥዬ ኤረር ፍል ውሃ ልሄድ ጓዜን አሰርኩ። ድኛለሁ አልኳት። ኮምፒውተሯን አዙራ አንድ መስመር አሳየችኝ። መጀመሪያ ቁልቁል ይወድቃል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይጎተታል።

«ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ቶሎ ሞቱ። ይሄ የሚጎተተው የቀሩት ናቸው። አሁን ካቆሙ እነሱ ይራባሉ።»

«መስመርሽ ቢሳሳትስ?»

«ይሳሳታል። ዙሪያውን ያለው ጥላ የምሳሳትበት ልክ ነው። ግን የጥላው ታችኛው ዳር እንኳ ባዶ ላይ አልደረሰም። አዴር፣ ጓዝዎን ይፍቱ!»

ፈታሁ። እኔን ጓዝ ያስፈታ ሰው ከእሷ በፊት አልተወለደም።

ዛሬ ሰዉ፣ «ክኒኑ ለአንድ ቀን ቢቀርብህስ? ቀብር ላይ ነን» አለኝ። እምቢ አልኩ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄጄ ዋጥኩ፣ ከዚያ ቀበርኳት። እያለቀስኩ ነው የዋጥኩት፤ አልክድም።

አብራችኋት የምትሠሩ ልጆች፣ ሥራዋን ታቆሙና ታዩኛላችሁ! ዕቃውን አዘጋጁ። አክታው እምቢ ቢል እንኳ ስዬ ስዬ አወጣዋለሁ።

ሂቦዬ፣ አፈሩን ያቅልልሽ። መሃሉን አንቺ ሠርተሽልኛል።

መጨረሻውን ለእኔ ተዪው።