ያልታየችው ቡጢ

አባቴ ስለ ድሮ የከባድ ሚዛን ቦክስ ሻምፒዮኖች ሲያወሩ ማንንም አይምሩም። አንዱን ፈሪ ይሉታል፣ ሌላውን ዳኛ አንግሦታል ይላሉ። ከሁሉም አብልጠው የሚጠሉት ግን አንድ ግዙፍ ሰው ነበር። ቀበቶውን ከተነጠቀ በኋላ በመልሱ ግጥሚያ፣ ገና በመጀመሪያው ዙር፣ በቅጡ ባልታየች አጭር ቡጢ ወደቀ።

«ግጥሚያውን ሸጦታል!» ይላሉ። «ሌባ!»

እኔ ደግሞ ለወደቀው ሰው ጠበቃ ነበርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ከቀበና ተነስተን ወደ እንጦጦ ማርያም በእግር ስንወጣ ክርክራችን ይኸው ነው። ዳገቱ ትንፋሻቸውን ቢያሳጥረውም ድምፃቸውን አይቀንሰውም። አንድ ቅዳሜ የግጥሚያውን ቪዲዮ በስልኬ ደጋግሜ አሳየኋቸው።

«ይኸው አባባ፣ ይመልከቱ፤ ቡጢዋ አርፋበታለች።»

«በዚህች ሕፃንም አይወድቅም። ለመሆኑ አንቺ ተመትተሽ ታውቂያለሽ?»

ተመትቼ አላውቅም። መሪ ሰፈር ወዳለው ኮንዶሚኒየሜ እስክደርስ ድረስ በንዴት ስብሰለሰል ዋልኩ። ሰኞ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ሰፈራችን ወዳለው የቦክስ ማሠልጠኛ ሄድኩና አሠልጣኙን፣ «አገጬን ምታኝ» አልኩት። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የምውል የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ።

«መጀመሪያ መቆም ተማሪ» አለኝ።

ሦስት ወር ገመድ ዘለልኩ፤ ጆንያ ደበደብኩ፤ ጣቶቼ አብጠው ኮምፒውተር መንካት እስኪያቅተኝ ድረስ። አልተውኩትም። በመጨረሻ የጭንቅላት መከላከያ ቆብ አደረገልኝና ሪንግ ውስጥ ገባን። ግራ እጄን ሰንዝሬ ስመልስ የሆነ ነገር አገጬን ነካኝ። ከየት እንደመጣ አላየሁም። አላመመኝምም። ብቻ በጉልበቴ ወለሉ ላይ ነበርኩ። አሠልጣኙ ሲቆጥር ይሰማኛል፤ ተነሺ እላለሁ ለራሴ፤ እግሬ ግን አልታዘዝ አለኝ።

ቅዳሜ ለአባቴ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ደነገጡ፤ አገጬን ይዘው ወዲያና ወዲህ አዩት።

«ማነው የመታሽ?»

«ራሴ ነኝ ምታኝ ያልኩት። በቀስታ ነው የመታኝ፣ አባባ። እስከ ስድስት ሲቆጥር ሰምቻለሁ። መነሳት ፈልጌ ነበር።»

«አንቺ ሻምፒዮን አይደለሽም።»

«አይደለሁም። ግን አልሸጥኩም።»

ዳገቱን መውጣት ቀጠሉ። አንድ ባሕር ዛፍ ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«አላሳመንሽኝም» አሉ። «ግን ከእንግዲህ ሌባ አልለውም። አላውቅም ነው የምለው።»

አባቴ ስለ ቦክስ «አላውቅም» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ሳልስማቸው ማለፍ አልቻልኩም፤ ጉንጫቸውን ስሜ ክንዳቸውን ያዝኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሳንደርስ ግን ዳኛ አንግሦታል ስለሚሉት ሌላ ሻምፒዮን ጀመሩ፤ እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ መከራከሬን ቀጠልኩ።