እትዬ ሉባባ የሞሉልኝ ገንዳ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው በጋ ነው፤ ደሴ ውስጥ የቧንቧ ውሃ በፈረቃውም መምጣቱን የተወበት ሰሞን። ከዚህ የከፋ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ አብዛኛውንም ረስቼዋለሁ። ይሄኛው ግን አርፎ አልቀመጥ ብሎኛል፤ እኔንም አርፌ እንዳልቀመጥ አድርጎኛል።

ሆጤ ሰፈር ካለው ቤቴ ጓሮ አኳፖኒክስ የሚሉትን ነገር ጀምሬ ነበር። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። ገንዳ ውስጥ ዓሳ ታረባለህ። ዓሳው ያቆሸሸውን ውሃ ትንሽ ፓምፕ ወደ ጠጠር መደብ ያወጣዋል። ጠጠሩ ላይ የተተከለው ሰላጣና ቆስጣ ያንን ቆሻሻ ይመገበዋል፤ ውሃው ተጣርቶ ወደ ዓሳው ይመለሳል። ያስተማረኝ ኢንተርኔት ላይ ያለ አንድ ጺማም ፈረንጅ ነው። ሰውየው ስለ ሁሉም ነገር ያውቃል፤ ውሃና መብራት የሚባሉ ነገሮች እንደሚጠፉ ግን የነገረው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለምን ጀመርኩት ብትሉኝ፣ አንደኛ አትችልም ስላሉኝ ነው። ደሴ ለዓሳ ትበርዳለች፣ ከፈለግክ ኮምቦልቻ ውረድ አሉኝ፤ ያኔ እልህ ያዘኝ። ሁለተኛ፣ የማንንም እጅ ሳያይ በራሱ የሚዞር ነገር እንዲኖረኝ ፈልጌ ነው። ስለ ጉርብትናችንና ስለ መተሳሰባችን የምናወራውን ነገር ብዙም አላምንበትም። ጎረቤት ያለው ሰው ምስጢርም ዕረፍትም የለውም ብዬ በየስብሰባው ተከራክሬያለሁ። ባለቤቴ ሰናይት ይህን ስል «እኛ ቸርች መጥተህ እንዳትናገረው ብቻ» ትለኛለች።

የዓሳ ጫጩቶቹን ከሐይቅ ነው ያመጣኋቸው። የመጀመሪያዎቹ በመጡበት ቀን አለቁ። ገንዳውን በቧንቧ ውሃ ሞልቼ ስለጨመርኳቸው ነው። ቧንቧው ውስጥ ያለው ክሎሪን ለእኛ መድኃኒት ነው፤ ለእነሱ ግን መርዝ ነው። ፈረንጁ ይህን ተናግሮ ኖሯል፤ እኔ እዚያ ላይ ዘልዬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ተማርኩ። ውሃውን አፉ በተከፈተ በርሜል ለቀናት አሳርፌ፣ ክሎሪኑ በንኖ ሲወጣ ነው የምጠቀመው። በዚህ ዘዴ ሁለተኛዎቹ ጫጩቶች ኖሩ። ወፈር ወፈር ማለት ጀመሩ። ጠዋት ጥላዬን ሲያዩ ወደ ላይ ይመጣሉ። ሰው ለዓሳ ይሳሳል ቢሉኝ ኖሮ እስቅ ነበር።

የዚያን ቀን ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። የፓምፑ ቧንቧ የሚታጠፍበት ጎሚቶ ተሰንጥቆ፣ ልኩን ደሴ አጥቼ ነው። ሳልወጣ በፊት እንዳይፈስ ብዬ የገንዳውን ውሃ እስከ ግማሽ ቀንሼዋለሁ። ጎሚቶውን አግኝቼ መናኸሪያ ስገባ ስልኬ ጠራ። እትዬ ሉባባ ናቸው።

እትዬ ሉባባ ከቆርቆሮ አጥራችን ወዲያ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። የእሳቸው ግቢ ከእኛ ዝቅ ስለሚል ውሃ ሲመጣ ቀድሞ የሚደርሰው እሳቸው ጋ ነው። አንዳንድ ቀን እኛ ጋ ጭራሽ አይደርስም። ሰፈራችን ውስጥ ደግሞ ውሃ የመጣለት ሰው የሌለውን ጎረቤት ዕቃ ሳይሞላ አይተኛም። ጎማውን በአጥር ያሻግራል፣ ያገኘውን ይሞላል። ማንም ማንንም አያስፈቅድም።

«ታደሰ፣ አብሽር፣ ውሃ መጥቶልሃል» አሉኝ። «ገንዳህን እስከ አፉ ሞልቼልሃለሁ። ሚስኪኖቹ ታች ተፋፍገው ሳያቸው አንጀቴን በሉት።»

አፌን ሳልከፍት ዘጉት። መልሼ ደወልኩ፤ አያነሱም። ሰናይት ጋ ደወልኩ፤ የጸሎት ፕሮግራም ላይ ናት፣ ስልኳ ዝግ ነው። ሌላ የጎረቤት ስልክ አልነበረኝም። ጎረቤት አያስፈልግም እያለ የሚከራከር ሰው የጎረቤት ስልክ አይዝም።

ሚኒባሱ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው ዳገት ያን ያህል ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። ከፊታችን የጭነት መኪናዎች ተሰልፈው ያቃስታሉ። ሰዓቴን አያለሁ፣ እደውላለሁ፣ አንገቴን አውጥቼ መንገዱን አያለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ወደ ቢስቲማ የሚመለሱ ሴትዮ «አላህ ያሽርልህ፣ ማነው የታመመው?» አሉኝ። ቤት ችግር ገጥሞኝ ነው አልኩ። ወሬው ሾፌሩ ዘንድ ደረሰ። ሾፌሩም ጥሩ ሰው ነው፤ ጥሩምባውን እየነፋ ሁለት መኪና ቀደመልኝ።

ከዚያ ረዳቱ ሚስትህ ናት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። መዋሸት ይገባኝ ነበር።

«ዓሳ ነው» አልኩ።

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና ማርሹን ቀየረ፤ ቀሪውን መንገድ ከአንድ ሲኖትራክ ኋላ ሆነን እየተንፏቀቅን ጨረስነው። ሴትዮዋ ብቻ፣ ለእኔም ይሁን ለዓሳው እንጃ፣ ዱዓቸውን አላቋረጡም።

ከመናኸሪያ እስከ ቤት ስሮጥ እትዬ ሉባባን የምላቸውን እያዘጋጀሁ ነበር። ሰው የማያውቀውን አይነካም ልላቸው ነበር። ይህን በደንብ መናገር እችልበታለሁ።

ጓሮ ስገባ እትዬ ሉባባ በወዲያ በኩል በአጥሩ ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ገንዳው ጢም ብሏል። ዓሳዎቹ በሙሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሁለቱ በጎናቸው ተኝተዋል።

«እያቸው» አሉ እትዬ ሉባባ ፊታቸው በርቶ፤ «አፋቸውን ከፍተው ዱዓ እያደረጉልኝ ነው።»

ያዘጋጀሁትን ልናገር ቀና ስል በአጥሩ ክፍተት ግቢያቸው ታየኝ። ጀሪካኖቻቸው በቧንቧው ሥር ተሰልፈዋል። ክዳናቸው ተከፍቷል። ሁሉም ደረቅ ናቸው። መጀመሪያ የእኔን ገንዳ ሞልተዋል፤ ወደ ራሳቸው ሲመለሱ ውሃው ሄዷል። ቀጣዩ ፈረቃ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም።

ቁጣዬ ጠፋብኝ። ዓሳዎቹ ግን መተንፈስ እያቃታቸው ነው። አንድ መላ መጣልኝ፤ የተጨመረውን ያህል ቀድቼ ለእሳቸው ልስጥ፣ በምትኩ በርሜሉ ውስጥ ያረፈውን ላስገባ። ምክንያቱንም መናገር አያስፈልገኝም።

«እትዬ ሉባባ፣ ውሃው በዝቷል፣ ጀሪካንዎን ያቀብሉኝ» አልኩ።

«የሰጠሁትን ልቀበልህ? ወላሂ አላደርገውም።»

«ለዓሳዎቹ በዝቶባቸው ነው።»

«ውሃ የሚበዛበት ዓሳ አለ እንዴ?» ብለው ሳቁ።

ባልዲ ይዤ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። መልሼ ለራሴ ከወሰድኩ ይድፋኝ ብለው ማሉ። እኔ ስጎተጉት እሳቸው ሲግደረደሩ ሦስተኛው ዓሳ ጋደል አለ። ዘመኔን ሁሉ እውነቱን ፊት ለፊት እናገራለሁ እያልኩ ስፎክር ኖሬያለሁ፤ እዚያች አጥር ሥር ግን ምላሴ ከበደኝ።

«የቧንቧ ውሃ ይገድላቸዋል» አልኩ በመጨረሻ። «ውስጡ ያለው መድኃኒት አይስማማቸውም።»

ሳቃቸው ቆመ። ወደ ገንዳው አዩ፣ ቀጥሎ ወደ እጃቸው።

«ገደልኳቸው?»

«ገና ነው።»

«ታዲያ ምን ገትሮ ያቆምሃል?»

በዚያ ዕድሜያቸው ጀሪካን በሁለት እጃቸው አንጠልጥለው በውጭ በር ዞረው ገቡ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወገባቸው ላይ ሻጡ። እኔ በባልዲ እቀዳለሁ፣ እሳቸው ጀሪካን ይይዛሉ። ጀሪካኖቹ ሲሞሉ ያረፈውን ውሃ ከበርሜሉ ገለበጥን። ከዚያ አየር እንዲገባበት ብዬ ውሃውን በጆግ ከፍ አድርጌ እያነሳሁ ማፍሰስ ጀመርኩ፤ እሳቸውም ሳልነግራቸው ሌላ ጆግ አንስተው እንደዚያው አደረጉ። እስኪመሽ ስናነሳ ስናፈስ ቆየን። ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም አላሉኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ያንን የዓሳ ሽታ ያለው ውሃ ለልብስም ለዕቃም አብቃቁት። ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት ለውዱእ ይሆናል ወይ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ዓሳ ውሃ አያነጅስም፣ አያረክስም አሉኝ።

በማግስቱና በቀጠሉት ቀናት ገሚሶቹ ዓሳዎች ሞቱ። ሌሎቹ ተርፈው ዛሬ መዳፍ ያክላሉ። ፈረንጁ የገንዳ ዓሳ ለምግብ ነው ይላል፤ እኔ ቢላ ማንሳት አልቻልኩም። እትዬ ሉባባም ብሰጥዎትስ ስላቸው ፊታቸውን አዞሩ።

ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን ውሃ መጥቶ ነበር። ሰናይትም እኔም ከቤት አልነበርንም። ስንመለስ ጎማው አልተሻገረም፤ የወጥ ቤቱ ጀሪካን እንኳ ባዶ ነው። እትዬ ሉባባን ሳገኛቸው፣ «አንተ በሌለህበት የአንተን ነገር መንካት ፈራሁ» አሉኝ። ጎረቤት እንዲህ ይሁን እያልኩ ስከራከር የኖርኩት ይህንኑ ነበር። ያን ሳምንት ውሃ በአህያ እያስመጣን ስንጠቀም ሰናይት የምታየኝ አስተያየት በቂ ነበር።

ሄጄ ለመንኳቸው። ከገንዳው በቀር ያገኙትን ሁሉ ይሙሉልኝ፣ ቢሳሳቱም ግድ የለም አልኩ። እሺ አሉ። እስካሁን ግን ሳይደውሉ ጎማውን አያሻግሩም። «ታደሰ፣ ሰማያዊውን በርሜል ልሙላው? ይሄ የማን ነው? ይሄስ አይጎዳም?» ይሉኛል፣ ውሃው በዚያ በኩል እየፈሰሰ። ድምፃቸው ውስጥ ያለው ፍርሃት የእኔ ሥራ ነው፤ ዓሳዎቹ ያገገሙትን ያህል እሳቸው አላገገሙም። ስለዚህ የትም ብሆን፣ ስብሰባ ላይም ሆነ እራት ላይ፣ ስልኬ ላይ ስማቸውን ሳይ ተነስቼ እቆማለሁ፤ ውሃው ሳይሄድባቸው ቶሎ «ይሙሉት» ለማለት።