ቀኑን ብቻ ቀይሪው

ሰበታ ቢሮ የገባሁ ዕለት ሔኖክ ጠረጴዛዬ ላይ አሥራ አንድ ገጽ ወረቀት አስቀመጠና «እትዬ አስናቀች፣ ሥራዎ ይሄን ማንበብ ነው» አለኝ። ቢሮው ከብረታ ብረት መሸጫ በላይ ያለች ሁለት ክፍል ናት። ሔኖክ ሥራ አስኪያጅ፣ ብሩክ መሐንዲስ፣ እኔ ደግሞ በቅጥር ደብዳቤዬ ላይ «የሕግ ጉዳይ ረዳት» ነበርን። ገበሬዎች በስልክ ስለ ዘርና ስለ ስንዴ ዋግ ሲጠይቁ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚመልስ አገልግሎት እንሠራለን። መልሱን የሚያዘጋጀው ውጭ አገር ተሠርቶ፣ ማንም እንዲያወርደው የተለቀቀ፣ የቋንቋ ሞዴል የሚሉት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ወረቀቱም የሞዴሉ የፈቃድ ውል ነበር።

«በነጻ ከተለቀቀ ውል ምን ያደርግለታል?» አልኩት።

«የሰው ግቢ በሩ ክፍት ቢሆን ይገባሉ፤ ገብቶ ዛፍ መቁረጥ ግን ሌላ ነው» አለኝ። ልጁ ከእኔ በዕድሜ በብዙ ያንሳል፤ ማስረዳት ግን ይችልበታል።

ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻና ውል ጸሐፊ ነበርኩ። የቤት ኪራይ ውል የሚያሳድሱ ሰዎች አከራይና ተከራይ አብረው ይመጡና «ያው ያምናው ነው፤ ቀኑን ብቻ ቀይሪው» ይሉኛል። እቀይራለሁ፣ ይፈርማሉ፣ ይሄዳሉ። በዚህ እጄ ፈጣን ነበር።

የቢሮው ሥራ እንዲህ ነው። ውሉን አትማለሁ፤ የሞዴሉን ስም፣ ስንተኛ እትም እንደሆነና የወረደበትን ቀን በእስክሪብቶ እጽፍበታለሁ። በሱ አገልግሎት መሸጥ ይቻላል? የሠሪውን ስም መጥቀስ ግዴታ ነው? ምን ተከልክሏል? የሦስቱን መልስ በአንድ ገጽ አጠቃልዬ ከውሉ ጋር ፋይል ውስጥ አስገባለሁ። አንዱ ሞዴል ስሜን ጥቀሱ እንጂ እንደፈለጋችሁ ይላል። ሌላው ለጥናት እንጂ ለንግድ አይሆንም ይላል። አዲስ እትም ሲመጣ የራሱን ውል ይዞ ይመጣል፤ የኛ ሞዴል አሮጌ እትም ግን በወጣበት ውል ይኖራል።

በሁለተኛው ዓመት የሞዴላችን አዲስ እትም ወጣ። አሮጌው አፋን ኦሮሞ ሲናገር ይኮላተፍ ነበር፤ ይሄኛው ጥርት አድርጎ ይናገራል። ብሩክ ደስታውን አልቻለውም። እኔም ውሉን አተምኩ፣ የመጀመሪያውን ገጽ አየሁ፣ ርዕሱም አንቀጹም ያው ነው። ያምናውን ማጠቃለያ አወጣሁና ቀኑን ቀየርኩ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

በሳምንቱ የተጂ ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር ኦቦ ለሚ ውል ሊያሳድሱ መጡ። የእርሻ ወቅት ደርሷል። ሔኖክ እስክሪብቶ አቀበላቸው። እሳቸው ከውላችን ጋር የተያያዘውን የሞዴሉን እንግሊዝኛ ውል አነሱና ወደ እኔ ዘወር አሉ።

«ኢንተላ ኮ፣ ይሄን አንብቢልኝ። ሁንዱማ።» ልጄ፣ ሁሉንም ማለታቸው ነው።

«ኦቦ ለሚ፣ ያው ያምናው ነው።»

«ያምናውንማ ዐምና አንብበሽልኛል። ዘንድሮን ነው የማላውቀው።»

እየፈገግሁ ጀመርኩ። አንድ አንቀጽ በእንግሊዝኛ በዓይኔ አያለሁ፣ በአፋን ኦሮሞ እነግራቸዋለሁ። አራተኛው ገጽ ላይ ዝም አልኩ። በክፍያ አገልግሎት የሚሰጥ ሁሉ ከሠሪው የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት አለበት ይላል። ዐምና ይህ አንቀጽ አልነበረም።

«ምነው ዝም አልሽ?»

ብዘለው ማንም አያውቅም። ኦቦ ለሚ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ሔኖክም ያየው የእኔን ማጠቃለያ ብቻ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አነበብኩላቸው።

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ሠሪዎቹ ልክ ስንዘራ ቢያቋርጡብንስ? ለአባላቱ ምን ልል ነው? እንዲህ ሆኖ ፈርም ልትዪኝ ነበር?»

«አዎ፣ ልልዎት ነበር። ሳላነበው።»

ተነስቼ ያምናውን ፋይል አመጣሁ። አሮጌው እትም ሰርቨራችን ላይ አለ፤ ውሉም የወረደበትን ቀን ይዞ ፋይሉ ውስጥ አለ። በሱ መሸጥ ይፈቀዳል። ይህንንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላቸው።

ኦቦ ለሚ እስክሪብቶውን መልሰው አነሱ። «ይኮላተፍ ግድ የለም። የኛም ሰው ስልክ ላይ ይኮላተፋል» አሉና በአሮጌው ፈረሙ። ሲወጡ «ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝ። ምስጋናው ለእኔ አይገባም ነበር፤ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

በማግስቱ የሥራ መልቀቂያ ጽፌ ለሔኖክ ሰጠሁት። አነበበው፣ አጥፎ መለሰልኝ።

«አራተኛውን ገጽ መዝለል ይችሉ ነበር» አለኝ። «እንዲህ የሚያነብ ሰው ከየት አመጣለሁ? ይልቅ ለሠሪዎቹ የፈቃድ ጥያቄ ይጻፉልኝ።»

ጻፍኩ። መልስ አልመጣም። ብሩክ ክረምቱን ሙሉ አሮጌውን እትም አፋን ኦሮሞ ሲያስተምር ከረመ፤ ኩልትፍናውም ቀነሰለት። እኔም እዚያው ቢሮ ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። ልጆቼን ያስመረቅሁት ከዚያች ቀን በኋላ ባገኘሁት እንጀራ ነውና ሔኖክንና ኦቦ ለሚን ሳመሰግን እኖራለሁ።

ኦቦ ለሚ እድሳት በደረሰ ቁጥር ይደውሉልኝ ነበር። ሰላምታቸው «ዘንድሮስ ምን ይላል?» ነው። ለዚህ መልስ እንዳላጣ፣ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ብሆንም እንኳ እያንዳንዱን ውል ድምፄን አውጥቼ አነብ ነበር።

ውል ሲታደስ የሚለወጠው ቀኑ ብቻ አይደለም። እስከ መጨረሻው ገጽ ይነበባል።