የጎደሉት አሥራ ሦስት ገጾች

መጽሐፍ ማሳተም የሚፈልጉ ወጣቶች አንዳንዴ ቤቴ ድረስ ይመጣሉ። የትኛው አሳታሚ እንደሚሻል፣ አዲስ አበባ ማንን ማወቅ እንዳለባቸው ይጠይቁኛል። የማውቀውን አልደብቃቸውም። ለአሳታሚው አጭር ደብዳቤ ጻፉ፣ አንድ ብቻ ያላችሁን ቅጂ ለማንም አትስጡ እላቸዋለሁ። ከዚያ "ለመሆኑ ታይፕ ያደረገላችሁ ማን ነው?" ስላቸው እርስ በርስ ተያይተው ይሳሳቃሉ። የጃጀሁ ሳይመስላቸው አይቀርም።

እኔ ሐይቅ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። ለውጥ መጣ ተብሎ የሰው ሁሉ አንደበት በተፈታበት ሰሞን፣ ለዓመታት አልጋዬ ሥር የደበቅኳቸውን ሰባት ደብተሮች አውጥቼ ሁለት ሦስት ዓመት ሳርማቸው ቆየሁ። በሐይቁ ዳር ስለሚኖር ቤተሰብ የጻፍኩት ልብ ወለድ ነው። ከተማችን ውስጥ ያሉት ታይፒስቶች በሙሉ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። ለአንዷ ብሰጣት መጽሐፉ ሳይታተም አገር ምድሩ ያወራዋል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ደብተሮቹን በፌስታል ቋጥሬ ውጫሌ ሄድኩ።

እዚያ ከመሥሪያ ቤቶቹ ፊት ለፊት አንዲት ሴት ፎቶ ኮፒ ቤት ነበራት። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ጣቶቿን ሳታይ ነው የምትጽፈው። የገበሬውን ማመልከቻ፣ የነጋዴውን የኪራይ ውል የምታዘጋጀው እሷ ነበረች። ሌላ ቅጂ የሌላቸውን ደብተሮቼን አስረክቤያት ተመለስኩ። ዛሬ ሳስበው ቂልነቴ ራሴን ያስቀኛል።

አለቀ ብላ ስትደውልልኝ ሄጄ ወረቀቱን ተቀበልኩና ሚኒባስ ውስጥ ማንበብ ጀመርኩ። ሐይቅ ሳልደርስ ደሜ ፈላ። ሐይቁን የገለጽኩባቸው ገጾች የሉም። ጎህ ሲቀድ የውሃው ቀለም፣ ጉሙ፣ ሸምበቆው፣ ወፎቹ፣ ከመጽሐፉ ሁሉ የምኮራባቸው አሥራ ሦስት ገጾች ድራሻቸው ጠፍቷል። በማግስቱ ክፍለ ጊዜዬን ለባልደረባዬ ሰጥቼ ተመልሼ ሄድኩ። ረስታው መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሆን ብላ ነው የዘለለችው።

"አይቆጡ፣ መምህር" አለችኝ ወንበር እየሳበችልኝ። "መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰውዬ አሁን ከጀልባው ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ ስጠብቅ፣ ወላሂ እንቅልፍ ወሰደኝ። እኔ የምጽፈው ከተኛሁ ያ የሚያነበው ምን ሊሆን ነው?"

ማን ጠየቀሽ አልኳት። እሷ ግን ረጋ ብላ የሥራዋን ነገር አስረዳችኝ። ገበሬው በደሉን ሲያስጽፍ ከቅድመ አያቱ ይጀምራል፤ ሹሙ ደግሞ ሁለተኛውን ገጽ አይገልጥም። ስለዚህ እሷ የተወሰደበትን ማሳ ከላይ ታስቀምጥና ቅድመ አያቱን ወደ ታች ታወርዳቸዋለች። እንዲህ አድርጋ የስንቱን ማሳ እንዳስመለሰች ነገረችኝ። እውነቷን እንደሆነ ልቤ ያውቃል፤ ትዕቢቴ ግን እንቢ አለኝ። የዘለልሽውን ሁሉ መልሰሽ አስገቢ ብዬ ደብተሮቹን እዚያው ትቼላት ወጣሁ። "መጽሐፉ የእርስዎ ነው" ብቻ አለችኝ። አኩርፌ ለወራት ሳልደውልላት ቀረሁ።

በዚህ መሃል ጦርነቱ ወደ እኛ መጣ። ቤተሰቤን ይዤ ወደ ደሴ ሸሸሁ፤ ደሴም አልሆን ሲል ከዚያም ራቅን። ስልክ ተቋረጠ። ስንመለስ ቤታችን ባዶውን ጠበቀን። ያ አጭሩ ቅጂ እንኳ እሳት ማቀጣጠያ ሆኖ፣ ጫፍ ጫፉን ምድጃው ውስጥ አገኘሁት። ጎረቤቴ ልጁን ቀብሮ ሐዘን ተቀምጧል፤ እኔ ለደብተር አለቅሳለሁ። አፍሬ ነበር፤ ግን አለቀስኩ። የሃያ ዓመት ልፋቴ እሷ ጋ ካልተገኘ የትም የለም።

መንገድ እንደተከፈተ ውጫሌ ሄድኩ። የሱቋ በር ተገንጥሏል። ኮምፒውተሩም፣ ማባዣውም፣ ደብተሮቼም የሉም። በሕይወት መኖሯን የነገረኝ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው፤ እሱው ገበያ ወስዶ አወረደኝ። ሽንኩርት ዘርግታ ተቀምጣ አገኘኋት። በጣም ከስታለች። ደብተሬስ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም፤ ስለ ልጆቿ ጠየቅኳት። ደኅና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ አለች። ከዚያ ምንም ሳልላት የሻሿን ጫፍ መፍታት ጀመረች። ቋጠሮው ውስጥ ፍላሽ ነበር።

"ሁለት ፋይል አለው" አለችኝ። "አንዱ ያ የተቆጡበት ነው። ሌላው ሐይቁ ነው። የከባድ መሣሪያው ድምፅ ሲቀርብ፣ ደብተሩ ቢቃጠልስ፣ የሰው ልፋት አይደለም ወይ ብዬ፣ መብራት ሳይጠፋ ቶሎ ቶሎ ጻፍኩት። ከዚያ ነው ልጆቼን ይዤ ገጠር እናቴ ዘንድ የወጣሁት።" ሽንኩርቱን እየደረደረች "ግን አሁንም አይጥመኝም" አለች።

እየሳቅኩ ዕንባዬ መጣ። "አብሽሩ፣ መምህር" ብላኝ ወደ ሽንኩርት ገዢዋ ዞረች።

ለአሳታሚው የላክሁት አጭሩን ነው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያዘኝ ብሎ መለሰልኝ፤ መጽሐፉም ወጣ። የመጀመሪያውን ቅጂ ይዤላት የሄድኩት ራሴ ነኝ። እግዜር ይስጥሽ ብዬ በሁለት እጄ ሰጠኋት።

የሐይቁን ፋይል ግን አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ረጅም ነው፤ እኔንም እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። አሥራ ሦስቱም ገጽ አለ። ያን ያልወደደችውን ጽሑፍ፣ ሰው ሁሉ ዕቃውን እየጠቀለለ በሚሸሽበት ሰዓት፣ አንድ ቃል ሳትዘል ጽፋዋለች።