የዓርቡ ፒንሳ

ሐርጌሳ ውስጥ አሮጌ የአውሮፓ ፒንሳና መፍቻ ፍለጋ የምትዞር ሴት ብዙ የለችም። እኔ አለሁ። ሥራዬ ቢሮ ነው፣ ፕሮኪዩርመንት፤ ሳምንቱን ሙሉ ለመሥሪያ ቤት ዕቃ ስገዛ እከርምና ሐሙስ ከሰዓት ለራሴ ልገዛ ዋሄን ገበያ እገባለሁ። ከአውሮፓ ተጠቅልለው የሚመለሱ ሰዎች የቤት ዕቃቸውን በኮንቴይነር ጭነው በርበራ ያወርዳሉ። ከፍራሹና ከፍሪጁ መሀል አንድ የመሣሪያ ሳጥን አይጠፋም። ያ ሳጥን ዞሮ ዞሮ ዋሄን ላስቲክ ላይ ይዘረገፋል፣ ከቻይናው ጋር ተደባልቆ። እኔም ቁጢጥ ብዬ፣ ምስር እንደሚለቅም ሰው፣ አንድ በአንድ እለቅማለሁ። ሻጮቹ አውቀውኛል። ዋጋ የሚጨምሩብኝም ስላወቁኝ ነው።

መጀመሪያ ያገኘሁትን ሁሉ እገዛ ነበር። ማወዳደር የመጣው ኋላ ነው። ፒንሳ ከሆነ አፉን ገጥሞ ወደ ፀሐይ ማየት ነው፤ በጥርሶቹ መሀል ብርሃን ካለፈ፣ ጀርመን የሚል ቢጻፍበትም አልቀበለውም። በጣት የሚጠበውንና የሚሰፋውን የስዊድን መፍቻ መንጋጋውን ይዞ መነቅነቅ ነው፤ ከተንቀጫቀጨ አርጅቷል። የእንግሊዝ መሮ አውራ ጣት ጥፍር ላይ ቀስ ብሎ ይቀመጣል፤ ካንሸራተተ ዶልዱሟል፣ ከነከሰ ስለት አለው። ከዚህ ሁሉ የደረስኩበት ሐሳብ አለኝ፣ ማንም አያስለውጠኝም፦ ጀርመን ለጉልበት ነው፣ ስዊድን ለእጅ ይመቻል፣ ፈረንሳይ ያምራል ግን ይኮራል።

ጋአን ሊባህ ሠፈር ያለው ቤቴ ሳሎን ውስጥ፣ ሰው ምንጣፍ በሚሰቅልበት ግድግዳ ላይ፣ ጣውላ አስመትቼ በየአገራቸው ደርድሬ ሰቅያቸዋለሁ። ታናሽ ወንድሜ በገባ ቁጥር ያያቸውና ይስቃል። «አባዮ» ይለኛል፣ እህቴ ማለቱ ነው፣ «አንቺ እኮ ብረት ነው ያገባሽው።» ኤሌክትሪሺያን ነው። ድሬዳዋ አብረን ነው ያደግነው፤ ብቻችንን ስንሆን የምንጣላው በአማርኛ ነው። ከግድግዳዬ ዕቃ ማንሳት ለእሱም ክልክል ነበር። አንድ ጊዜ የስዊድኑን መፍቻ ወስዶ፣ ጭሮ፣ ዝም ብሎ መልሶ ሰቀለው። እንዴት አላየሁም? አየሁ እንጂ። ኢድ እስኪመጣ አኮረፍኩት።

ይህን አባዜ የሚጋሩኝ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ዋሄን ጫፍ ላይ ጠባብ ሱቅ ያላቸው ሰዓት ጠጋኝ ናቸው፤ አዴር ነው የምላቸው፣ አጎቴ እንደማለት ነው። ሐረር ያደጉ ስለሆኑ አማርኛቸው ከኔ ይበልጣል። በየዓርቡ ከጁምዓ በኋላ የምንጫወተው ጨዋታ ነበረን። አንዳችን የተጎዳ ዕቃ እናገኝና አክመን፣ አሳምረን፣ ምንም እንዳልነካው አድርገን ለሌላው እንሰጣለን። ተቀባዩ እስከሚቀጥለው ዓርብ ጉድለቱን መፈለግ አለበት። ካገኘ ዕቃው የእሱ ነው፣ ካላገኘ ይመልሳል። ማጭበርበር ነው፣ ግን በሐላል።

የዚያን ዓርብ የሰጡኝ የጀርመን ፒንሳ ነበር፣ ቀይ እጀታ ያለው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚይዙት ዓይነት። እውነተኛው ሲሆን እጀታው ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ መብራት ያለበትን ሽቦ ይዘህ ብትቆርጥበት አይነካህም። ለዚህ ነው ሰው የሚያምነው። እኔ አፉን አየሁ፣ ንጹሕ ነው። መገጣጠሚያውን ከፍቼ ዘጋሁት፣ እንደ ቅቤ ነው። ጥርጣሬዬ መገጣጠሚያው ላይ አረፈና ነገ አገኘዋለሁ ብዬ ከጀርመኖቹ ተራ ሰቀልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ለሥራ ስለባብስ ስልኬ ጮኸ። አዴር ናቸው፤ ዓርብ እስኪደርስ መታገሥ አቅቷቸዋል።

«ተሸነፍሽ አይደል?»

«መገጣጠሚያው ነው» አልኩ።

«አይደለም!» ሳቃቸው ከስልኩ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። «እጀታው ነው፣ ልጄ። የራሱ እጀታ ፀሐይ በልቶት ተሰነጣጥቆ ነበር። ከቻይና ፒንሳ አውልቄ አለበስኩት። ሲንሸራተትብኝ ጊዜ በሁለቱም በኩል እስከ ብረቱ የሚደርስ ቀጭን ሚስማር መታሁበት። ጭንቅላቱን በሞረድ አስተካከልኩና በምን ሸፈንኩት? በሴት ጥፍር ቀለም! እስቲ በጥፍርሽ ፋቂው፣ ብረቱ ብቅ ይላል።»

ልፍቀው ዞርኩ። ጣውላው ላይ ማንጠልጠያው ብቻ ነው ያለው።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል። የቤቴ ቁልፍ ከኔ ሌላ ወንድሜ ጋ ብቻ ነው ያለው። ንጋት ላይ ሱብሒ ሰግጄ መልሼ ስተኛ ገብቶ ወጥቷል ማለት ነው። የእሱ ፒንሳ ዶልዱሞ ሽቦ ያኝካል እያለ ሲነጫነጭ ነበር የከረመው። ዛሬ ደግሞ 26 ጁን ሠፈር አንድ ቤት፣ ከምሰሶ የሚመጣውን የመብራት መስመር እንደሚቀይር ነግሮኛል፤ ቤቱንም አውቀዋለሁ። እዚህ መብራት አስዘግቶ መሥራት ማለት መለመን፣ መጠበቅ፣ ከዚያ የጎረቤት ሁሉ እርግማን ነው። ስለዚህ ወንድሜና ጓደኞቹ ሳያስዘጉ ነው የሚሠሩት፣ ይኮሩበታልም። ያ የሚስማር ጭንቅላት የሚያርፈው ደግሞ መዳፉ መሀል ነው።

«አዴር» አልኩ፣ «ፒንሳው ወንድሜ ጋ ነው። 26 ጁን፣ ከመስጊዱ ጀርባ ያለው ቤት፣ መስመር ላይ።»

«ያ ረብ» ሲሉ ሰማሁና ስልኩ ተቋረጠ።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። መሰላል ላይ ሲወጣ ስልኩን ከቦርሳው ጋር መሬት ትቶ ነው የሚወጣው፣ ይህንንም አውቃለሁ። ባጃጅ ያዝኩና «ፍጠን» አልኩት፤ ዋሄን አጠገብ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋ። ወርጄ በእግሬ ገበያውን ልሰነጥቅ ገባሁ። ሌላ ጊዜ በየላስቲኩ የምቆም ሴትዮ ያን ቀን ማንንም አላየሁም። ገንዘብ ዘርዛሪዎች መሬት ላይ የከመሩትን ብር ዘልዬ፣ የአንዱ እርግማን ከኋላዬ እየመጣ፣ በተሸካሚዎች መሀል ስሮጥ ረጅሙ አባያ ቀሚሴ የአንዱ ጋሪ ጎማ ውስጥ ገባና በጉልበቴ ተደፋሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። የተበተነ ጫማዬን ለቅሜ ተነሣሁ።

እየሮጥኩ ደጋግሜ ደወልኩ። አንድ ቦታ ላይ ስልኩ እንዳይነሳ መመኘት ጀመርኩ። ሌላ ሰው ቢያነሳውስ? የማላውቀው ሰው ድምፅ «የሱ ምኑ ነሽ?» ቢለኝስ? ቆምኩና ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ አልደወልኩም።

ቤቱ ጋ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት እግሮቹን ነው። ግድግዳ በተደገፈ የእንጨት መሰላል ላይ፣ ከበሩ በላይ ቆመዋል። በሕይወት ያለ ሰው አቋቋም ነው። ቀና ስል ቀዩን አየሁ፤ በቀኝ እጁ ይዞታል። ጓንቱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጥሎታል። የቤቱ እመቤት የሻይ ፔርሙዝ ታቅፋ ከታች ታየዋለች።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ግን መልሼ ዘጋሁት። ሽቦ ላይ ያለን ሰው ካስደነገጥከው የያዘውን ያጠብቃል።

«ውረድማ» አልኩ፣ ቀለል አድርጌ።

ዘወር አላለም። «መጣሽ? ቆይ፣ አንድ ቀርቶኛል።»

«ሻይ ቀርቧል፣ ጠጣና ትቀጥላለህ።»

«ቆይ አልኩሽ እኮ!»

የፒንሳው አፍ ተከፍቶ ወደ ሽቦው ሄደ። እውነቱን ልንገረው? አውቀዋለሁ፤ «የቱ ጋ?» ብሎ እዚያው ይገለብጠዋል፣ ይመረምረዋል፣ ይከራከረኛል። ክርክር ይወዳል። ይህን እያሰብኩ ሳለ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ንዝንዝ ከአፌ ወጣ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የለመደው፣ የሚያናድደው እንጂ የማያስደነግጠው ያ ድምፄ።

«ፒንሳዬን! ማንን አስፈቅደህ ነው ያነሳኸው? ስንት ጊዜ ነው የምነግርህ? የሰው ዕቃ ሳያስፈቅዱ መውሰድ ሐራም መሆኑን አታውቅም? አንድ ጭረት ባገኝበት አልምርህም። አሁን ስጠኝ! አሁን!»

እጁ ቆመ። ፒንሳው ከሽቦው ቀስ ብሎ ራቀ። ፊቱን አዞረና ከላይ ወደ ታች አየኝ፤ እንዲህ ዓይነት አስተያየት ከእሱ አይቼ አላውቅም።

«ከጋአን ሊባህ እዚህ ድረስ ለዚህ ነው የመጣሽው?»

«ለዚህ ነው።»

እመቤቲቱ በሶማልኛ «ለፒንሳ?» አለችና ከንፈሯን መጠጠች።

«እንቺ!» አለና ለቀቀው። «ብረትሽን ብዪው!»

ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ የጮኸው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እዚያው ተቀመጥኩ፤ ፒንሳውን ሳብ አድርጌ ቀሚሴ ሥር ደበቅኩት። እሱ ጓንቱን አጥልቆ፣ ከወገቡ ያን ዶልዱም ፒንሳውን መዞ፣ የቀረውን ሽቦ እያኘከ እየተሳደበ ጨረሰ። ወርዶም አላየኝም። ልነግረው አፌን ስከፍት «ተዪኝ» አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶ መሣሪያውን ይሰበስባል።

በዚህ መሀል አዴር ደረሱ። ቆባቸው የለም፣ አንድ ጫማቸው በእጃቸው ነው፣ ደረታቸውን ይዘዋል። ወንድሜን ቆሞ ሲያዩት በሩን ተደግፈው «አለ፣ አለ፣ አልሐምዱሊላህ» እያሉ እንደ ልጅ አለቀሱ። ሄደው አቀፉት። እሱ እጆቹን ዘርግቶ፣ ምን እንደሆነ ሳይገባው፣ በሽማግሌው ራስ ላይ አሻግሮ አየኝ።

ፒንሳውን ከቀሚሴ ሥር አውጥቼ ለአዴር ሰጠኋቸው። በአውራ ጣት ጥፍራቸው ፋቁት። ቀይ ቅርፊት ተነሣና ከሥሩ የሚስማሩ ጭንቅላት አብረቀረቀ። የሠሩትን ሁሉ ነገሩት፣ ካቋረጡ መቀጠል እንደማይችል ሰው፣ አንድም ሳያስቀሩ። ወንድሜ ተቀብሎ በባዶ እጁ ጨበጠው፣ እጁን ከፈተ፣ መዳፉን አየ።

«ሁለቱን በዚህ ቆርጫለሁ» አለ። «ያኔ ጓንት ነበረኝ። ለሦስተኛው ሞቆኝ አወለቅኩት።»

ከዚያ እሱም አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ። እመቤቲቱ ሻይ ቀዳችልን። አዴር አልጠጡም። «በመሣሪያ አይጫወቱም፣ በመሣሪያ አይጫወቱም» ይላሉ፣ ለራሳቸው።

«ለምን እንደዚያ ብለሽ አልነገርሽኝም?» አለኝ ወንድሜ በመጨረሻ።

«ትገለብጠዋለህ ብዬ።»

አሰበና ራሱን ነቀነቀ። «እገለብጠው ነበር።» ሻዩን ፉት አለ። ደሙ ወደ ፊቱ መመለስ ጀምሯል፣ ሳቅም እየመጣበት ነው። «ግን ወላሂ፣ አባዮ፣ ለብረቱ የመጣሽ ነው የመሰለኝ። እንዲያው ትንሽ እንኳ አልተጠራጠርኩም! እንደዚያ ተደፍተሽ፣ ጉልበትሽ ደምቶ፣ አቧራ ለብሰሽ እያየሁሽ፣ ለፒንሳዋ ነው የሮጠችው አልኩ።»

እመቤቲቱ ሳቀች። እሱም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ከዚያ ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩና እንባዬ ወረደ። ከድንጋጤው መስሎት «አልፏል፣ አባዮ፣ አልፏል» እያለ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።