ሜዳውን እንደ ጣሪያ የዳመጠው ሻሊታ

ሻሊታ ዮናን ወታደር የሆነው ጠመንጃ ወድዶ አልነበረም። በታላቁ ጦርነት ከሐካሪ ተራሮች የተሰደዱት አሦራውያን ኢራቅ ውስጥ በድንኳን ተጠልለው ሳሉ፣ እንግሊዞች የአውሮፕላን ማረፊያዎቻቸውን የሚጠብቅ ጦር ከእነሱ መካከል መለመሉ። ለሻሊታ ጦሩ ማለት ቤት ማለት ነበር። የተቀጠረ ሰው ደመወዝ አለው፣ ኮፍያው ላይ ላባ ይሰካል፣ ከሁሉም በላይ ግን ሚስቱንና ልጆቹን የሚያስጠልልበት ጣሪያ ያገኛል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖረ። ጦሩ ኤፍራጥስ ዳር ወዳለው ወደ ሐባንያ ትልቅ ሰፈር ሲዛወር፣ እሱም ሚስቱን ሹሻንንና አራት ልጆቹን ይዞ ሄደ። ለወታደር ቤተሰቦች ከተሠሩት የጭቃ ቤቶች አንዱ ደረሰው። ሹሻን በመጀመሪያው ቀን ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ዞረችና ከዚህ ወዲያ ዕቃ አልሸክፍም አለች።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1941 ግን ሻሊታ በጥበቃ ላይ ሳለ አንድ ጥፋት ሠራ። ሻምበል ሆልሮይድ የሚባል አዲስ መኮንን የበር ጠባቂዎቹን ሊፈትን ፈልጎ፣ አንዱን ሰው ጨርቅ ነጋዴ አስመስሎ ያለ ወረቀት ላከው። ሻሊታ ሰውየውን ጥላ ሥር አስቀመጠው፣ ሻይ ቀዳለት፣ ዳቦና አይብ አቀረበለት። መግቢያ ወረቀቱን የጠየቀው በልቶ አፉን ከጠረገ በኋላ ነው። በተራራው አገር ደጅ የመጣን ሰው ሳይበላ ምን ፈለግህ ማለት ነውር ነበር፤ የሻሊታ እጅ ያንን ልማድ ገና አልረሳም።

ሻምበሉ አስጠርቶት፣ ጠላት ቢሆንስ ኖሮ ብሎ ጠየቀው።

«ጠላትም ቢሆን ይርበዋል፣ ጌታዬ» አለ ሻሊታ።

የመንደሩ ልጅ የሆነው አስተርጓሚ፣ ሃምሳ አለቃ ዳንኻ፣ የተባለውን እንዳለ ተረጎመው፤ ነገሩ ባሰ። ሻሊታ በወሩ መጨረሻ ከጦሩ እንዲሰናበት፣ ቤቱንም እንዲለቅ ተወሰነ። እስከዚያው ከበሩ ተነሥቶ ውሃ ቀጂ ሆነ።

ቤት ገብቶ ለሹሻን ነገራት። «አይቡን ሁሉ በላው?» አለችው።

«ግማሹን።»

«ቤት ካስለቀቀን አይቀር ምናለ ቢጨርሰው» አለችና ዕቃ መሸከፍ ጀመረች።

ሸክፋ ሳትጨርስ ጦርነት መጣ። የአገሩ መንግሥት ከእንግሊዞች ጋር ተጣልቶ፣ ከሰፈሩ በላይ ባለው አምባ ላይ መድፍ ደቀነ። ታላቁ የአውሮፕላን ሜዳ ከአምባው ሥር ስለነበር ከላይ እንደ እጅ መዳፍ ይታያል። ስለዚህ አውሮፕላኖቹ መኮንኖቹ ፈረስ ላይ ሆነው ኳስ ከሚጫወቱበት የውስጥ ሜዳ መነሣት ጀመሩ። ያንን ቤቶቹና ዛፎቹ በመጠኑ ይከልሉታል። ሻሊታ የተቀጠረበት ጦር ሽቦውን ዙሪያውን ይዞ አላስጠጋም አለ።

በሁለተኛው ቀን ግን መድፍ የውስጡን ሜዳ መሃል ለመሃል ቦደሰው። ወታደሮች ተሯሩጠው ጉድጓዱን በአካፋ ሞሉት። የመጀመሪያው አውሮፕላን እየከነፈ መጥቶ እዚያው ሲደርስ ጎማው ሰጠመ፤ በአፍንጫው ተተከለ። አብራሪው እያነከሰ ወጣ። መዳመጫ መኪናው ከአምባው ሥር ባለው ሜዳ ቀርቷል፤ ማንም ሄዶ ሊያመጣው አይችልም። ሻምበል ሆልሮይድ ፊቱ ነጭ ሆኖ፣ አውሮፕላኖቹ ካልተነሡ መድፎቹን ዝም የሚያሰኛቸው የለም፣ ሰፈሩም ከነሴቱ ከነሕፃኑ ያልቃል አለ።

ሻሊታ ውሃ ተሸክሞ ቆሞ ነበር። ባልዲውን አስቀምጦ የተሞላውን አፈር በተረከዙ ተጫነው። ተረከዙ ገባ። ወደ ዳንኻ ሄደ።

«ደረቅ አፈር ነው የከተቱት። ጣሪያ እንዲህ ይሠራል?»

«ለጠላት አይብ ስታቀርብ ከርመህ፣ ዛሬ ደግሞ መሐንዲስ ሆንክ?» አለው ዳንኻ።

«አንተ እናትህ ጣሪያ ላይ ስትወጣ እያለቀስክ ቀሚሷን ትይዝ አልነበር? አሁን ተርጉምልኝ።»

ዳንኻ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ተረጎመ። የእነሱ አገር ጣሪያ ጠፍጣፋ አፈር ነው፤ የሰው ቁመት የሚያህል በረዶ ይሸከማል። አፈሩ በጭድ ይታሻል፣ በጥቂት ውሃ ይርሳል፣ ስንዝር ስንዝር ይነጠፋል፣ እያንዳንዱ ስንዝር በድንጋይ ይዳመጣል። ሻምበሉ ምን ያስፈልግሃል ሲለው ሻሊታ አላመነታም።

«ጭድ ከፈረሶቹ ጋጣ። ውሃው እኔ ጋ አለ። ሌላው ሴቶቹ ናቸው።»

«ሴቶቹ ለምን?»

«ወንዱ በረዶ ይጠርጋል እንጂ መዳመጥ መች ያውቅበታል» አለ ሻሊታ።

ሴቶቹ መጡ። በየቤቱ ጣሪያ ላይ እንደ በርሜል የተጠረበ ድንጋይ ነበር፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጣሪያውን የሚዳምጡበት። ስምንቱን በገመድ አወረዱ። ሹሻን ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ ከፊት ሆነች፤ መድፍ ሲያጓራ ሁሉም በደረቱ ይተኛል፣ ዝም ሲል አቧራውን አራግፎ ይነሣል። ሻሊታ ደረቁን አፈር በሙሉ አስወጥቶ ከታች ጀመረ። አንድ ወጣት መኮንን ፍጠኑ፣ ከላይ አፈር ከምሩበት እያለ ቢለማመጠውም፣ ሻሊታ የታችኛው ስንዝር ሳይጠና የላይኛውን አላስነጠፈም። ሹሻን በየመሃሉ ተንበርክካ በእጇ ጀርባ ትመታዋለች። ድምፁ ሲደነድን ብቻ ቀና ብላ ራሷን ትነቀንቃለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረሱ። አንድ አብራሪ ሞተሩን አስነሣ። ሻሊታ ከጥገናው ዳር አልርቅም ብሎ ቁጢጥ አለ፤ ዓይኑ ጎማው ላይ ብቻ ነበር። ቤቱም፣ የሴቶቹ ነፍስም፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱም እዚያ ጎማ ሥር ነበሩ። አውሮፕላኑ መጣ፣ ጥገናው ላይ ወጣ፣ ሳይንገዳገድ አለፈ። ከዛፎቹ በላይ ሲነሣ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ተሰማ። በቀለጠው እልልታ መሃል ዳንኻ ኮፍያውን አውልቆ የሻሊታን ጭንቅላት ሳመ።

ከዚያ በኋላ ጉድጓድ በተቆፈረ ቁጥር የሚጠራው ሻሊታ ሆነ። አሥራ አንድ ጉድጓድ ደፈኑ፤ አንዱም አልሰጠመም። አውሮፕላኖቹ እየተመላለሱ መድፎቹን መቱ። በአምስተኛው ቀን ማለዳ አምባው ባዶ ሆኖ ተገኘ። የሻሊታ ጓዶች ከሽቦው ወጥተው፣ ለኋላ መከላከያ የቀረውን ጦር ከወንዙ ዳር መንደር አስለቀቁ። በር ጠባቂ እየተባሉ ሲናቁ የኖሩት ሰዎች እየዘፈኑ ሲመለሱ፣ እንግሊዞቹ በሁለት ረድፍ ቆመው በጭብጨባ ተቀበሏቸው።

ሻምበል ሆልሮይድ ሻሊታን አስጠራው። በር ላይ ዳግመኛ እንደማያቆመው ነገረው፤ ዳንኻ ይህን ሲተረጉም ሻሊታ አንገቱን ደፋ። ቀጥሎ ግን የሜዳው አለቃ አድርጌሃለሁ አለው፤ ከእንግዲህ እሱ ሳይረግጠው አውሮፕላን አይነሣም።

«ቤቱስ?» አለ ሻሊታ።

ዳንኻ ይህን እንኳ መተርጎም አላስፈለገውም። «ቤትህ ገብተህ ተኛ፣ አንተ ሰው» አለው።

በቀጣዩ ዓመት እንግሊዞች በአገራቸው የአየር ማረፊያ የሚጠብቅ አንድ ሙሉ ክፍለ ጦር አቋቋሙ፤ ኋላም የእነ ሻሊታን ጦር ከእሱ ጋር አዛመዱት። የሻሊታ ትልቁ ልጅ በጃንጥላ ከሰማይ መዝለል ተምሮ ባሕር ማዶ ዘመተ፣ በደኅናም ተመለሰ። ሻሊታ ራሱ ጦሩ እስከ ተበተነበት ቀን ድረስ አሥራ አራት ዓመት ሜዳውን በየማለዳው ረገጠ።

ያን ቀን ግን ከሻምበሉ ቢሮ ወጥቶ ቤቱ ሲደርስ ሹሻን ደጅ ላይ ነበረች፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ጭቃ እንደሆነ ነው። ፊቱን አይታ ወደ ውስጥ ገባችና ተሸክፎ የተቀመጠውን ዕቃ መፍታት ጀመረች።